ኤሌክትሮን ግራና ቀኙን ሲለይ

እንደምን አመሻችሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ ማታ ለፊዚክስ ብላችሁ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን አንዲት ትንሽ ልዩነት ናት። ኤሌክትሮኖችን በሁለት ዓይነት አኳኋን ወደ አንድ ኢላማ ትልካላችሁ። ተፈናጥረው የሚወጡትን ትመዘግባላችሁ። በሁለቱ መካከል ከ100,000 ውስጥ የስድስት ያህል ብልጫ ታያላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህች ብልጫ በ1978 አንድ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ከጥርጣሬ እንዲወጣ አደረገች። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔን ከውጤቱ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ያቺን ስድስት ያመጣት ተፈጥሮ ራሷ እንጂ የመሣሪያቸው ጉድለት አለመሆኑን እንዴት አረጋገጡ? ብዙውን ጊዜያችንን የምናጠፋው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከመስታወት እንጀምር። አንድ ብሎን መስታወት ፊት ያዙ። እጃችሁ ላይ ያለው ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የሚገባ ነው። መስታወቱ ውስጥ የምታዩት ግን ወደ ግራ ሲያዞሩት የሚገባ ብሎን ነው። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ እንደዚያኛው ያለ ግራ ዞር ብሎን ብታሠሩ ያለ ምንም ችግር ይሠራላችኋል። መስታወቱ የሚያሳያችሁ ነገር በእኛም ዓለም ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ፊዚክስ ውስጥ ይህን ሐሳብ ፓሪቲ ይሉታል። አንድ የተፈጥሮ ሂደት በመስታወት ሲታይ የሚሆነው ነገር፣ በዚያው ሕግ መሠረት በእውን ሊፈጸም ይችላል ነው ነገሩ። የመሬት ስበት ይህን ያከብራል። ኤሌክትሪክና ማግኔትም ያከብራሉ። ስለዚህ ሁሉም የተፈጥሮ ኃይል ያከብረዋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆየ።

በ1956 በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ወጣት ቻይናውያን፣ ሊ እና ያንግ፣ አንድ ነገር አስተዋሉ። ይህን እምነት በደካማው ኃይል ላይ ፈትሾ ያየ ሰው የለም። ደካማው ኃይል የምንለው አንዳንድ ራዲዮአክቲቭ አቶሞች ኤሌክትሮን እየተፉ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲለወጡ የሚያደርገው ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ቺየን-ሺዩንግ ዉ ወዲያው ሥራውን ያዘች። ዋሽንግተን ካለው የአሜሪካ የመለኪያዎች ቢሮ ባለሙያዎች ጋር ሆና ኮባልት 60ን ከፍጹም ዜሮ በላይ የዲግሪ አንድ መቶኛ እስኪደርስ ድረስ አቀዘቀዘች። ከዚያ ኒውክሊየሶቹ ስፒናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሰለፍ አደረገች። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል መውጣት ነበረባቸው። አልወጡም። ከስፒኑ በተቃራኒ ወዳለው ወገን በዙ። በ1957 መጀመሪያ ዜናው ሲሰማ ብዙዎች ማመን አቃታቸው። የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ እንኳ ውጤቱ እኩል እንደሚሆን ገንዘብ ለመወራረድ ዝግጁ ነበር። በዚያው ዓመት ሊ እና ያንግ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዉ ግን አልተካተተችም። ይህ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ደካማው ኃይል መስታወቱን አያከብርም። እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ የሚጀምረው። በ1959 የሶቪየቱ ፊዚሲስት ዜልዶቪች እንዲህ ሲል አሰበ። ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ማንነታቸውን ሳይለውጡ በደካማው ኃይልም የሚነካኩ ቢሆንስ? ያኔ ኤሌክትሮን ከፕሮቶን ጋር ተጋጭቶ ሲፈናጠር የግራና የቀኝ ልዩነት መታየት አለበት። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ አንድ ገደማ እንደሚሆንም ገመተ። እንዲህ ዓይነት ደካማ ኃይል መኖሩ በሙከራ ከመታየቱ ከ14 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ግራና ቀኝ ስል ምን ማለቴ ነው? ኤሌክትሮን ስፒን አለው፤ አብሮት የተፈጠረ መሽከርከር በሉት። የስፒኑ አቅጣጫ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ሲገጥም ኤሌክትሮኑ ቀኝ ዞር ነው፤ ሲቃረን ደግሞ ግራ ዞር። ቀኝ ዞሩን በመስታወት ብታዩት ግራ ዞር ይሆናል፤ ልክ እንደ ብሎኑ። ስለዚህ ሙከራው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ቀኝ ዞር ኤሌክትሮኖች ላክ፣ መዝግብ። ግራ ዞር ላክ፣ መዝግብ። ሁለቱ እኩል ከመጡ ፓሪቲ ተከብሯል። ካልመጡ ተጥሷል።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ፤ ነገሩ በጣም ያምራል። ኤሌክትሮን ፕሮቶንን ሲያገኝ በአብዛኛው የሚነካው በኤሌክትሮመግነጢሳዊው ኃይል ነው። በመካከላቸው የሚመላለሰው ፎቶን ነው። በ1960ዎቹ ግላሾ፣ ዋይንበርግና ሳላም የገነቡት ንድፈ ሐሳብ ግን ሌላም ተመላላሽ አለ ይላል። ዜድ ይባላል። ኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ ግዝፈቱ ግን ከፕሮቶን 97 እጥፍ ያህል ነው። እንዲህ ከባድ በመሆኑ ድርሻው በጣም ትንሽ ነው። ብቻውን ለማየት ብንሞክር ተስፋ የለንም።

ግን በኳንተም ዓለም ሂሳቡ ለየት ይላል። አንድ ነገር የሚፈጸምበት ዕድል የሚሰላው መጀመሪያ መንገዶቹ ተደምረው፣ ከዚያ ድምሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። የፎቶኑን መንገድ አንድ እንበል፤ የዜዱን አንድ አሥር ሺህኛ። የዜዱ ብቻውን በራሱ ቢባዛ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ድምሩ በራሱ ሲባዛ ግን ከአሥር ሺህ ሁለት የሚሆን ተጨማሪ ይወጣል። ይህ ተጨማሪ ለቀኝ ዞሩና ለግራ ዞሩ አንድ አይደለም። አየር ላይ የማይጨበጠው ዜድ በፎቶኑ ጀርባ ታዝሎ ወደ እኛ ይመጣል ማለት ነው። ከአሥር ሺህ ሁለት ደግሞ ሊለካ ይችላል።

አሁን ወደ 1977 ልውሰዳችሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ማዕከል ውስጥ፣ ጋርጋሜል በተባለው መመዝገቢያ በተደረገ የኒውትሪኖ (ቻርጅ የሌላት፣ በጣም ቀላል ቅንጣት) ሙከራ፣ ቻርጅ የማይለዋወጥበት ደካማ ኃይል መኖሩ ታይቷል። የነዋይንበርግ ንድፈ ሐሳብ ገና ተስፋ ማሳየት ጀመረ ሲባል ችግር መጣ። ኦክስፎርድና ሲያትል ያሉ ሁለት ቡድኖች በቢስመዝ አቶም ውስጥ የፓሪቲ ጥሰትን ፈለጉ። አላገኙም። ንድፈ ሐሳቡ ግን መገኘት አለበት ይላል። በ1978 ኖቮሲቢርስክ ያለ የሶቪየት ቡድን በዚያው በቢስመዝ ላይ አገኘሁ አለ። ማንን ማመን ይቻላል? አንዳንድ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች የነዋይንበርግን ሥራ ለማሻሻል አዳዲስ ሞዴል መሥራት ጀምረው ነበር።

ነገሩን የለየለት ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ አጠገብ ያለው ስላክ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ የኤሌክትሮን ማፋጠኛ አለው። ሙከራው ኢ122 ይባላል። ቻርልስ ፕሬስኮት ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። የየል ዩኒቨርሲቲው ቨርነን ሂዩዝም አብሮ አለ።

መጀመሪያ ያስፈለጋቸው ስፒናቸው የተሰለፈ ኤሌክትሮኖች ነው። በብዛት። ከዚያ በፊት ፔጊ የሚሉት ምንጭ ነበራቸው። ስፒናቸው ከተሰለፈ የሊቲየም አቶሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ የሚሠራ ነው። ጥሩ ነበር፤ ግን የሚሰጠው ኤሌክትሮን ትንሽ ነው። በእሱ ፓሪቲን ሞክረው አቅሙ አልደረሰላቸውም። አዲሱ ምንጭ የጋሊየም አርሰናይድ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ላይ ወደ ቀኝ የሚዞር የሌዘር ብርሃን ስታበሩበት አንድ ዓይነት ስፒን የሚበዛባቸው ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ። ወደ ግራ የሚዞር ስታበሩበት ሌላኛው ዓይነት ይበዛል። ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ አይሰለፉም፤ አማካዩ 37 በመቶ ነበር። ብዛታቸው ግን ከበቂ በላይ ነው።

የብርሃኑን አዟዟር የሚቀይረው ፖከልስ ሴል የሚባል ሌላ ክሪስታል ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጡታል። የቮልቴጁን ምልክት ሲገለብጡ ብርሃኑ ከቀኝ ወደ ግራ ይለወጣል። ማፋጠኛው በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ምት ይልካል። የቱ ምት ቀኝ፣ የቱ ምት ግራ እንደሚሆን የሚወሰነው በዕጣ ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ በተራ ቢሄዱ ችግር አለው። ከመብራት ኃይሉ ወይም ከሌላ ማሽን የሚመጣ መወዛወዝ ከተራው ጋር ሊገጥም ይችላል። ዕጣው ይህን በር ይዘጋል።

ከኢላማው፣ ማለትም ዲዩቴሪየም ከሚባለው ፈሳሽ ከባድ ሃይድሮጂን፣ በአንድ ምት 1,000 ያህል ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ መመዝገቢያው ላይ ይደርሳል። ያ ሁሉ የሚሆነው በሁለት ማይክሮ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር አይታሰብም። ስለዚህ አልቆጠሩም። ኤሌክትሮኖቹ በመመዝገቢያው ውስጥ የሚፈጥሩትን ብርሃን በሙሉ በአንድ ላይ ደምረው ለኩ። በጊዜው ደፋር ውሳኔ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ትክክለኛው ነበር እላለሁ። ከአሥር ቢሊዮን በላይ ኤሌክትሮን የሚጠይቅ መለኪያን ሌላ በምን መንገድ መጨረስ ይቻላል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ልዩነት አዩ እንበል። ማን ነው ያመጣው? ፖከልስ ሴሉ ሲገለበጥ የሌዘሩ ብርሃን በጥቂቱ ቢደበዝዝስ? ቀኝ ዞሩ ጨረር ከግራ ዞሩ ፀጉር በምታህል ወደ ጎን ቢሸሽስ? ጉልበቱ ትንሽ ከፍ ቢልስ? ማንኛቸውም ቢሆኑ የውሸት ስድስት ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ በየምቱ የጨረሩን ቦታ፣ አንግል፣ መጠንና ጉልበት ለኩ። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ግን አንድ ሰው ያላሰበው ስህተት ሊኖር ይችላል። ያላሰባችሁትን ስህተት እንዴት ትይዙታላችሁ?

መልሳቸው ልዩነቷን እንደ ፈለጉ ማገላበጥ ነው። መጀመሪያ ስፒኑ ያልተሰለፈ ተራ የኤሌክትሮን ምንጭ ተጠቀሙ። ዜሮ መምጣት አለበት፤ መጣ። ከዚያ ሌዘሩ መንገድ ላይ ያለውን የካልሳይት ፕሪዝም አዞሩ። ፕሪዝሙ በ0 ዲግሪ ሲሆን ፖከልስ ሴሉ ቀኝ ሲል ቀኝ ነው። በ90 ዲግሪ ሲሆን ቀኝና ግራ ይለዋወጣሉ፤ የቮልቴጁ ምልክት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ልዩነቷ የኤሌክትሪክ ጣጣ ከሆነች አትንቀሳቀስም፤ የስፒን ከሆነች ምልክቷ ይገለበጣል። ተገለበጠች። በ45 ዲግሪስ? ብርሃኑ መዞሩን ያቆማል፤ ኤሌክትሮኖቹ አይሰለፉም። ልዩነቷ ጠፋች።

ሦስተኛው ነው እኔን የሚማርከኝ። ጨረሩ ከማፋጠኛው ወጥቶ ወደ ሙከራው አዳራሽ ሲሄድ ማግኔቶች 24.5 ዲግሪ ያጥፉታል። ኤሌክትሮኑ ሲታጠፍ ስፒኑም ይዞራል፤ ግን ከኤሌክትሮኑ ትንሽ ይቀድማል። የኤሌክትሮኑ ማግኔታዊ ባሕርይ ከተጠበቀው ጥቂት ስለሚበልጥ ነው። ጉልበቱ ሲጨምር ቅድሚያውም ይጨምራል። ጉልበቱ የሚለካው በኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በዚያ መታጠፊያ ላይ በየ3.24 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልቱ ስፒኑ ግማሽ ዙር ይጨምራል። ስለዚህ በ16.2 ቢሊዮን ላይ አምስት ግማሽ ዙር ሆኗል። በ19.4 ቢሊዮን ስድስት። ክሪስታሉ ያው፣ ሌዘሩ ያው፣ ፖከልስ ሴሉ ያው፤ ግን ኢላማው ጋ ሲደርስ ቀኝ የነበረው ግራ ሆኗል። በመካከሉ በ17.8 ቢሊዮን ስፒኑ ወደ ጎን ይተኛል፤ ቀኝም ግራም አይደለም።

ለኩ። በ16.2 ልዩነቷ አለች። በ17.8 ወደ ዜሮ ወረደች። በ19.4 ምልክቷን ገልብጣ ተመለሰች። በ22.2 እንደገና ወደ መጀመሪያው ምልክቷ ሄደች። ነጥቦቹ ስሌቱ ባሰመረው ማዕበል ላይ ተቀመጡ። ሌዘር ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ጉድለት ኤሌክትሮኑ ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ በምን ያህል ጉልበት እንደሚታጠፍ አያውቅም። እንዲህ እየተከተለ ሊገለባበጥ የሚችለው ስፒኑ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ሥዕል በፊዚክስ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ውጤቱ በሰኔ 1978 ይፋ ሆነ። ግራ ዞር ኤሌክትሮኖች ይበልጥ ይፈናጠራሉ። የስፒኑ አለመሰለፍ ሲታረም ልዩነቱ ከአሥር ሺህ አንድ ተኩል ገደማ ነው። ከእሱም ደካማውና ኤሌክትሮመግነጢሳዊው ኃይል በምን መጠን እንደተቀላቀሉ የሚናገረውን ቁጥር አወጡ፤ 0.20፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.03። ከኒውትሪኖ ሙከራዎች ከተገኘው ጋር ገጠመ። በሚቀጥለው ዓመት ግላሾ፣ ሳላምና ዋይንበርግ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ዜድ ራሱ ሰርን ውስጥ የታየው በ1983 ነው። ስታንፎርድ ያሉት ሰዎች ጥላውን ከአምስት ዓመት በፊት ለክተውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው እየረቀቀ ሄደ። እዚያው ስላክ የተሠራው ኢ158 ኤሌክትሮንን ከኤሌክትሮን ጋር አጋጭቶ ከቢሊዮን 131 የሆነ ልዩነት ለካ፤ ይህ በ2005 ወጣ። ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ያለው የጄፈርሰን ላብራቶሪ ኪውዊክ በተባለ ሙከራ የፕሮቶንን ደካማ ቻርጅ፣ ማለትም ዜድ ፕሮቶንን ምን ያህል እንደሚነካው የሚናገረውን ቁጥር፣ ለካ። ልዩነቱ ከቢሊዮን 226.5 ነበር፤ ስህተቱ፣ ማለትም ሲደመር ሲቀነሱ፣ 9.3። ተንታኞቹ መልሱን ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ሳያውቁት እንዳይጎትቱት ቁጥሩ ላይ የተደበቀ መጠን ተጨምሮበት ነበር። ትንተናው አልቆ ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ነው የተገለጠው። በ2018 የወጣው መልስ 0.0719 ነው። ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ 0.0708 ይላል። ስህተቱን ስታስቡበት ገጥመዋል።

የፕሮቶን ደካማ ቻርጅ ይህን ያህል ትንሽ ነው። የኒውትሮንስ? አንድ ይጠጋል፤ ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። ልብ በሉ፤ በኤሌክትሪክ በኩል ፕሮቶን አንድ ነው፣ ኒውትሮን ዜሮ። በዜድ በኩል ግን ኒውትሮኑ ነው ጎልቶ የሚታየው። የፓሪቲ ጥሰትን የሚለካ ሰው እጁ ላይ ኒውትሮን የሚያሳይ መነጽር አለው ማለት ነው።

ይህን መነጽር እርሳስ ላይ አነጣጠሩት። እርሳስ 208 ውስጥ 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን አሉ። ፕሮቶኖቹ የት እንዳሉ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሮን ሲለካ ኖሯል። የተረፉት ኒውትሮኖች ግን የት ናቸው? መሐል ተቀላቅለዋል ወይስ ዳር ላይ እንደ ቆዳ ሆነው ወጥተዋል? የጄፈርሰን ላብራቶሪው ፕሬክስ የተባለው ሙከራ የጠየቀው ይህን ነው። ልፋቱን ላሳያችሁ። በሰከንድ ከ400 ትሪሊዮን በላይ ኤሌክትሮን ግማሽ ሚሊሜትር በምትሆን የእርሳስ ገበታ ላይ ይወርዳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሙቀትም በደንብ አያሳልፍም። ስለዚህ በሁለት ስስ የአልማዝ ንጣፎች መካከል አደረጉት። አልማዝ ሙቀትን ከማንም በላይ ያሳልፋል። ጎኑን ደግሞ በቀዝቃዛ ሂሊየም አቀዘቀዙት። እንዲያም ሆኖ ገበታዎቹ ይጎዱ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አዘጋጅተው በተራ ተጠቀሙ።

የማገላበጡ ጥበብ እዚህም አለ። የሌዘሩን ብርሃን የምትገለብጥ ሳህን በየጥቂት ሰዓቱ ይጨምራሉ፣ ያወጣሉ። ሌዘሩን ጭራሽ ሳይነኩ ደግሞ በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ የኤሌክትሮኖቹን ስፒን ራሱን ይገለብጣሉ። የቀኙና የግራው ጨረር የቦታ ልዩነት በናኖሜትር ደረጃ እንዲወርድ ይደረጋል። የመጨረሻው ቁጥር በ2021 ታተመ፤ ከቢሊዮን 550። የኒውትሮኑ ቆዳ ውፍረት 0.283 ፌምቶሜትር ሆነ፤ ስህተቱ 0.071። ፌምቶሜትር ሜትርን ለሚሊዮን ቢሊዮን ስትከፍሉት የሚደርሳችሁ ነው።

ይህ ለማን ይጠቅማል? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርሳስ ኒውክሊየስ ውስጥ ኒውትሮኖቹን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት፣ የኒውትሮን ኮከብን በራሱ ክብደት እንዳይወድቅ ከሚደግፈው ግፊት ጋር አንድ ነው። ኮከቡ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ስፋት ውስጥ የታጨቀበት ነው። ከኒውክሊየሱ ጋር ያላቸው የመጠን ልዩነት ቢሊዮን በቢሊዮን ሲባዛ የሚመጣውን ያህል ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው። ወፍራም ቆዳ ማለት ጠንከር ያለ ግፊት፣ ሰፋ ያለ ኮከብ ማለት ነው። በነሐሴ 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የወጣው የስበት ሞገድ ሊጎና ቪርጎ በተባሉት የስበት ሞገድ መመዝገቢያዎች ተመዝግቧል። ያ መረጃ ከፕሬክስ ይልቅ ለስለስ ወዳለ ቁስ ያዘነብላል።

ይባስ ብሎ በ2022 ያው ቡድን ካልሲየም 48ን ለክቶ ቀጭን ቆዳ አገኘ፤ 0.121 ፌምቶሜትር። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ላይ ማስረዳት ለኒውክሊየስ ሞዴሎች ከባድ ሆኗል። የእርሳሱን የሚያወጣው የካልሲየሙን ያበዛዋል፤ የካልሲየሙን የሚያወጣው የእርሳሱን ያሳንሰዋል። የእኔ አስተያየት ከተጠየቅሁ፣ የእርሳሱ ስህተት ገና ሰፊ ስለሆነ ሞዴሎቹን ለመጣል መቸኮል አይገባም። ልኬቱ መደገም አለበት። ጀርመን፣ ማይንዝ ላይ ሜሳ የተባለ አዲስ ማፋጠኛ እየተሠራ ነው። ከዕቅዶቹ አንዱ የእርሳሱን ቆዳ ከፕሬክስ በተሻለ ጥራት መለካት ነው። ስህተቱ በግማሽ እንኳ ቢቀንስ፣ ቁጥሩ 0.28 ላይ ይቆያል ወይስ ወደ 0.2 ይወርዳል የሚለው ይለያል። ከካልሲየሙ ጋር መታረቅ ይችል እንደሆነም ያኔ እናውቃለን።